ጽዋዋ ዛሪማ ወረደች

እንግዳ ተቀባይ ነን የሚለውን ወሬ ከእንግዲህ እኔ ፊት ማንም እንዳያነሳ። ሰልችቶኛል። ደባርቅ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ ስለ ሰሜን ተራሮች የሚያወራው ምዕራፍ ላይ በደረስሁ ቁጥር «ሕዝቡም እንግዳ ተቀባይ ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፍ ነበር። አሁን አልጽፍም። ለምን እንደተውሁ ልናገር ነው፤ ንዴቴ ገና ስላልበረደ ደግሞ ድምፄ ከፍ ቢል የምትቀየሙ ተቀየሙ።

ነገሩ የአክስቴ ነው። የአባቴ እህት ናት፤ እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እታታ እያልሁ ነው ያደግሁት። ከዳባት ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ካለች አንዲት ደብር አጠገብ ትኖራለች። ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ወጣ፣ ሳይመለስ ቀረ። ሞቷል የሚል መጣ፣ ተማርኳል የሚል መጣ፣ ሱዳን ገብቷል የሚልም መጣ። እታታ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። ሊያስተዛዝን የመጣውን ሰው በር ላይ ቆማ «ልጄ አልሞተም፤ ግቡና ጠላ ጠጡ» እያለች ታስገባው ነበር። ያኔ ነው የተሳለችው። ልጇን በዓይኗ ካሳያት የኅዳር ሚካኤልን ጽዋ እሷ ቤት ልታወጣ፣ ልጇም ቆሞ በገዛ እጁ ለማኅበርተኛው ሊቀዳ።

ጽዋ ለማታውቁ የከተማ ልጆች ላስረዳ። የሚካኤል ማኅበርተኛ በየወሩ በዕለቱ በአንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጸለያል። ሲያበቃ ጽዋዋ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰች የሸክላ ዋንጫ ናት፣ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ በእጁ ትሰጣለች። የተቀበለ ሰው ድግሱን ተቀበለ ማለት ነው። አንዴ ከእጁ ከገባች ሳይደግስ አትመለስም። ማኅበርተኛውም እየዘመረ እስከ ቤቱ ይሸኘዋል።

ልጁ መጣ። ባለፈው ክረምት፣ አንድ ጠዋት፣ በግራ እግሩ እያነከሰ መጣ። ብዙ አያወራም። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው የጥበቃ ሥራ አግኝቶለት ነበር፤ እናቱ ግን ኅዳር ሚካኤል ሳይውል አትሄድም ብላ ያዘችው። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለስ እግዜር ይወቅ፤ ጥበቃ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ የዘንድሮው ኅዳር ካለፈ ስለቷ አለፈ። ይህን ማኅበርተኛው ሁሉ ያውቃል። የማኅበሩን ተራና ሥርዓት የሚጠብቁትን ሽማግሌ ሙሴ እንላቸዋለን፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የኅዳሩን ባለ ተራ ለምነው ያስለቀቁላት። እታታም ብቅሏን አብቅላ፣ ጌሾዋን አስጥታ ተዘጋጀች። የቀራት የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ከጎረቤቷ ቤት ጽዋዋን ተቀብሎ መምጣት ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ቅዳሜ ነበር፤ እኔም ልሸኛት ተነሣሁ። ደባርቅ መናኸሪያ ሚኒባሱ ካልሞላ አልወጣም ብሎ ስጉላላ ዋልሁ። በመጨረሻ ዳባት አልፈን ወደ ሰፈራቸው መታጠፊያ ስንቃረብ አንድ የቱሪስት ላንድክሩዘር ከዚያው ከመታጠፊያው ወጥቶ አጠገባችን አለፈ። አንድ ፈረንጅ በመስኮት እጁን አውለበለበልን። እኔም አውለበለብሁለት። እጄን በሰበረው።

ስደርስ መዝሙር የለ፣ ሽኝት የለ። እታታ ቤቷ ገብታ መደብ ላይ ኩርምት ብላለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ምን ሆነሽ?» አልኋት።

«ምንም። እንግዳ መጥቶ ነበር።»

ከዚህ ሌላ ቃል ከአፏ ማውጣት አልቻልሁም። የነገረኝ ልጇ ነው፣ ውጭ አጥሩ ሥር ተቀምጦ፣ መሬት መሬት እያየ።

አስጎብኚው ፈረንጁንና ሚስቱን ይዞ ሲያልፍ ሰው ተሰብስቦ አየ። ቱሪስቶቹ «ከአገሬው ሰው ጋር መገናኘት እንፈልጋለን» ብለውት ስለነበር አስገባቸው። በሚካኤል ቤት የመጣ የሚካኤል እንግዳ ነውና ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው፤ አበሏቸው፣ አጠጧቸው። እዚህ ድረስ ምንም አልልም፤ ደግ አደረጉ። ፈረንጁ ሌላው ሰው ዳቦውን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሲቀበል አየና እሱም በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። አገሬው ወደደው። ሥርዓት ያውቃል አሉት።

ከዚያ መምሬ ጸሎቱን አሳረጉ፤ ሁሉም ቆመ። ሙሴው ጽዋዋን አንሥተው «ተረኛ ይቅረብ» አሉ። እታታ ጉልበቷ ስለሚያማት በልጇ ትከሻ ተደግፋ እየተነሣች ነው። ፈረንጁ ፊታቸው ነበር የቆመው። ዳቦ የሚታደል መስሎት ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ጎንበስ አለ። ሙሴውም ሰጡት።

ሰጡት። አልጣሏትም፣ አልተነጠቁም። ሰጡት።

ፈረንጁ ጽዋዋን ሳመ። ከሴቶቹ አንዷ የለመደ አፏ ነው መቼም፣ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሰውዬው እልልታውን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። ምንድን ነው የሰጡኝ ብሎ አስጎብኚውን ጠየቀ፤ አስጎብኚውም «ለማስታወሻ ነው» አለው። ሙሴው ወደ እታታ ዞር ብለው አዩአት። እሷም «ይሁን» አለች። ጽዋዋ በሚስትየዋ ሻርፕ ተጠቅልላ መኪና ውስጥ ገባች።

ተነሥቼ ወደ ደጋሹ ቤት ሄድሁ። ሙሴውና ጥቂት ሽማግሌዎች አሁንም ጠላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ የእታታን ጽዋ ለመንገደኛ ሰጡት?» አልኋቸው፤ እንደምን ዋላችሁ እንኳ አላልሁም።

«ልጄ፣ ሚካኤል ሳይፈቅድ ከእጄ አይወጣም ነበር።»

«ሚካኤልን ምን አመጣው? የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ ምን ላድርግ? እጅህን ሰብስብ ልበለው? እንግዳ ነው እኮ። ምን ይለናል?»

«ይቅርታ ይላል! ሌላ ምን ይላል? ይቅርታ ብሎ እጁን ይሰበስባል።»

አንዱ ሽማግሌ ነገሩን ሊያበርዱ ፈልገው «ማን ያውቃል፣ በአገሩ ይደግስ ይሆናል። ሚካኤል እንደሆነ የሌለበት አገር የለም» አሉ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ አላቸው። ሰውዬው አገሩ ገብቶ ብቅል አብቅሎ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ኅዳር ሚካኤልን ሲያወጣ ታያቸው መሰለኝ። እኔ ግን ከሙሴው ጋር መከራከሩን ትቼ ወጣሁ፤ ብቆይ ስድብ ከአፌ ይወጣ ነበር።

ይህ ይሉኝታ የሚሉት ነገር አንድ ቀን ጠራርጎ ይጨርሰናል። የቤትህን ሰው ሆድ አቁስለህ የማታውቀውን ሰው ፊት ማሳመር ደግነት ነው ብለው አሳድገውናል። የማንንም ፊት አይተው የማይደፍሩ ሰዎች የአንዲት ምስኪን ሴት ስለት ላይ ሲሆን እንዴት ደፋር ናቸው። እሷ እኮ የቤት ሰው ናት። ትችለዋለች። ነገም እዚያው ናት።

እኔም የሰው አገር አይቻለሁ። ትምህርት ቤታችን ከአንድ የጀርመን ትምህርት ቤት ጋር ወዳጅነት በነበረው ጊዜ ተልኬ ሄጄ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትዮ ቤት አሳደሩኝ። እንደ ገባሁ ሻንጣዬን አስቀመጥሁና መስኮቱ ሥር ያለ ወንበር ላይ ዘፍ አልሁ። ሴትዮዋ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «እሱ ላይ አትቀመጪ» አለችኝ። እንዲሁ፣ ፊቷን ፈታ ሳታደርግ። ተነሣሁ። የምገባበት ጠፋኝ። ምን ዓይነት ጉዶች ናቸው፣ እንግዳን ከመቀመጫው ያስነሣሉ ብዬ ሆዴ ባባ፤ አገሬ ናፈቀኝ። በነጋታው ቁርስ ላይ ነገረችኝ። ባሏ ታሞ የመጨረሻ ጊዜውን ያሳለፈበት ወንበር ነው፤ ልጆቿም አይቀመጡበትም። በቃ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የት እንደምቀመጥ፣ ምን እንደማልነካ አውቄ በሰላም ኖርሁ። ብዪ ስትለኝ ከልቧ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያልፈለገችውን እንደምትናገር አይቻለሁና። ሳንቀያየም ብቻ ሳይሆን ተላቅሰን ተለያየን። ዝም ብትለኝ ኖሮ? ሻይ አቅርባ ፈገግ ብትልልኝ፣ እኔም የሟች ወንበር ላይ ተንፈላስሼ ከርሜ «ጀርመኖች እንግዳ ሲወዱ» እያልሁ ደባርቅ ላይ ባወራ? እኛ ለፈረንጁ ያደረግነው ይህንኑ ነው። አሞኘነው።

አስጎብኚው ተማሪዬ ነበር። ያን ቀን ብደውል ብደውል አላነሣም አለ። እሁድ ጠዋት ደባርቅ ሆኜ አገኘሁት። ወደ አክሱም እያለፉ ነው፤ ሊማሊሞን እየወረዱ ነው፤ ምሳ ዛሪማ ይበላሉ።

«እዚያው ጠብቀኝ። ከተንቀሳቀስህ ወየውልህ» ብዬ ዘጋሁበት።

ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ተሳፈርሁ። ሊማሊሞን ለሚያውቅ ማውራት ድካም ነው፤ ለማያውቅ ደግሞ አይገባውም። ሾፌሩ በእያንዳንዷ መታጠፊያ ከሚወጣው ከባድ መኪና ጋር አንተ እለፍ፣ አይ አንተ እለፍ እየተባባለ ሲግደረደር እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። እዚያም ይሉኝታ።

ዛሪማ ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። አስጎብኚው ሲያየኝ ተነሣ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እነሱ እኮ ዝም አሉ። ስንት ጊዜ ጠፍቶ የመጣ ቱሪስት ነው፣ ሰዎቹ ያልከለከሉትን እኔ ልከልክለው?»

«ሰውየው ጠይቆሃል። ምንድን ነው ብሎ ጠይቆሃል። ማስታወሻ ነው ያልኸው አንተ ነህ።»

አንገቱን ደፋ። እኔም ወደ ፈረንጁ ዞርሁ። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት የእንግሊዝኛ ስድብ ነበረኝ፤ ጥሩ ጥሩ ነበር። ሰውዬው ግን ጠና ያለ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው፣ ወንበር ስቦ «ተቀመጪ» የሚለኝ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቆሜ ነገርሁት። ጽዋዋ ምን እንደሆነች፣ የማን እንደሆነች፣ ልጁ ጠፍቶ እንደነበር፣ ስለቱን፣ ኅዳርን። ስናገር ፊቱ እየቀላ፣ እየቀላ ሄደ። ሚስቱ ሳልጨርስ ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች።

«ክፍሉ ውስጥ ያን ያህል ሰው ነበር» አለኝ። «ሁሉም እያየኝ ነበር። ለምን አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም?»

ተናዶ ነበር፤ መናደዱም ልክ ነው። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ የምጮህበት ሰው አሳጣኝ።

«ሴትዮዋ እዚያ ነበረች?» አለ ቀጥሎ።

«ነበረች። ልትቀበል እየተነሣች ነበር።»

እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ተመልሼ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት አለኝ። አትሂድ አልሁት። ብትሄድ እንደገና ያበሉሃል፣ እንደገና ያመሰግኑሃል፣ እሷም ምንም አይደል ትልሃለች፤ ያኔ ንዴቴን የምችለው አይመስለኝም አልሁት። ሚስቱ ጽዋዋን ከነሻርፑ አምጥታ ሰጠችው፤ እሱም በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ሥርዓቱን ማን ይንገረው፣ ተምሮታል። በሁለት እጄ ተቀበልሁ።

ሰኞ ትምህርት ነበር። ጽዋዋን ደባርቅ ቤቴ ቁም ሣጥን ላይ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ አስቀመጥኋት፤ ለእታታም እሁድ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ላክሁባት። እሁድ በጠዋት ሄድሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ መምሬም አሉ፤ እታታ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች፤ ልጇ አጥሩን ተደግፏል። ቀጥ ብዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄጄ ጽዋዋን ገለጥሁላቸው።

ደስ አላቸው። ሚካኤል አመጣት አሉ። እኔ ነኝ ያመጣኋት አላልሁም፤ ዋጥሁት። ሙሴው ግን ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ካሰቡ በኋላ፣

«ከእንግዳው እጅ የተቀበላት ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

«እንግዲያ የኅዳር ተረኛ አንቺ ነሽ። ሥርዓቱ እንዲያ ነው፣ ልጄ። ደባርቅም ቢሆን እንመጣለን፣ አይሩቅሽ።»

ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ገና ሳልመልስ መረቁኝ።

«አልቀበልም» አልሁ። «መምሬ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ተሳይታለች፣ ታውቃላችሁ፣ ልጇ ሊሄድ ነው። እናንተ ናችሁ ያስለቀቃችሁላት።»

መምሬ መሬቱን አዩ። «ጽዋ አይገፋም» አሉ ቀስ ብለው። «ደግሞ እሷም ይሁን ብላለች።»

ሁሉም ወደ እታታ ዞረ። እኔም ዞርሁ። አሁንም ነጠላዋን ወደ አፏ ስታነሣ አየሁና «ተናገሪ እንጂ!» ብዬ ጮህሁባት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ያሳደገችኝን ሴት።

እታታ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ቀስ ብላ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ እስከ ሽማግሌዎቹ ድረስ መጣች።

«ይሁን ያለው አፌ ነው» አለች። «ሆዴ አላለም። ፈረንጁ እጁን ሲዘረጋ የኔም እጅ ተዘርግቶ ነበር። የሱን እጅ አያችሁ። የኔን ከመካከላችሁ ያየ የለም?»

ሙሴው «እመቤቴ…» ብለው ጀመሩ፤ አላስጨረሰቻቸውም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሞቷል አላችሁኝ። እናንተን ላለማሳፈር ስቄ ጠላ አጠጣኋችሁ። አሁን አንዲት ጽዋ ብለምን እሷንም እንግዳ ይዟት ሄደ።»

ደስ አለኝ። እሰይ፣ ወጣላት አልሁ በሆዴ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ?» አለችኝ። «ዛሪማ ድረስ ስትወርጂ ለኔ ነው አልሽ። ሳምንቱን ሙሉ ቁም ሣጥንሽ ላይ አኖርሻት። ዛሬ ስትመጪም ቤቴ አምጥተሽ እጄ ላይ ማኖር አቅቶሽ ሽማግሌ ፊት ገለጥሻት። እነሱ ይፍቀዱልኝ ብለሽ ነው? ለመጮህ ጊዜ ማን ይደርስብሻል። የኔን ነገር ግን አንቺም አልጠየቅሽኝ።»

ሙሴውን ልወቅስ፣ መምሬን ልወቅስ፣ አስጎብኚውን ልወቅስ ፈለግሁ፤ ሁሉንም ወቅሼ ጨርሻለሁ። ስትናደድ እንዲህ እንደምትናገር አላውቅም ነበር። ያሳደገችኝን ሴት ነው የማላውቃት።

እጇን ዘረጋች። በሁለት እጄ ሰጠኋት። ሙሴውም ምንም አላሉ፤ ቢሉም የምትሰማቸው አይመስለኝም። ልጇ አጥሩን ለቆ እያነከሰ መጥቶ ክንዷን ያዘና ወደ ቤታቸው ሄዱ። እልል ያለ የለም፣ የሸኛቸው የለም። እኔም ቆሜ ቀረሁ።

ኅዳር ሚካኤል ዋለ። እታታ ጽዋዋ በሄደች ማግሥት ተስፋ ቆርጣ ብቅሏን ለጎረቤት ሰጥታው ስለነበር በኋላ በጥድፊያ ነው የጠመቀችው። ማኅበርተኛው አንድም ሰው ሳይቀር መጣ። ልጇ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ልብሱን በጀሪካን ገመድ አሥሮ በር አጠገብ አኑሮታል፤ እሱ ግን ነጠላ አጣፍቶ፣ እንስራውን ይዞ፣ ከሙሴው ጀምሮ በእጁ ሲቀዳ ዋለ። እናቱ በዓይኗ ከእግር እግሩ አትጠፋም። ሽማግሌዎቹ እየተጎነጩ «ምን ይጣፍጣል»፣ «እጅሽ ይባረክ»፣ «እንዲህ ያለ ጠላ ከጠጣን ስንት ጊዜያችን» ይላሉ።

ለእኔ የመጨረሻዋን ራሷ መጥታ ቀዳችልኝ። ከዚያ እሁድ ወዲህ አላናገረችኝም ነበር። ቀመስሁ። ቆማ ታየኛለች።

«እህ?» አለችኝ።

«ጎምዝዟል» አልኋት።

አጠገቤ ያሉት ጭውውታቸውን አቆሙ። አንዷ በክርኗ ጎሸመችኝ። እታታ ግን ፊቷ ምንም አልተለወጠም።

«ጎምዝዟል» አለች። «ጠዋት ቀምሼዋለሁ። እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።»

ዋንጫዬን ተቀብላ እስከ አፉ ሞላችውና መልሳ ያዘችልኝ።

«በይ ጨርሺው» አለችኝ። ጨረስሁት።